ከጋቢህ እጥፋት የወጣችው የእሳት እራት

ለወንድሜ ለአንተነህ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ፣ ነፋስ ሲነካው የሚያምህ የግራ ጆሮህስ? እግርህ አልቆሰለም? የምትጠጣው ውሃ ንጹሕ ነው? ጥያቄ አበዛሁብህ። ከልጅነትህ ጀምሮ አንዱን ስጠይቅህ ሌላውን እየመለስክ ስለምታመልጠኝ ሁሉንም አንድ ላይ መጠየቅ ይሻለኛል። እኛ በፈጣሪ ቸርነት አለን። እማዬን ብርዱ ጉልበቷን ይዟት ፀሐይ ሳይወጣ አትነሣም እንጂ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ሬዲዮ ትሰማለች። ስለ ሚስትህ ስለ ሀይማኖት በኋላ እነግርሃለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ወንበር ስቤ እቀመጥና ወዲያው እነሣለሁ። ሻይ ቀድቼ እረሳዋለሁ፤ ሳገኘው በርዷል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሾፌሩ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ገብሬያችን ነው። በስልክ ልነግርህ ያልፈለግሁት፣ በኢሞ በደወልክ ቁጥር "ሐዋሳ ደህና ነው፣ ሥራ አለ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ እኔም የማውቀውን ከገመትኩት ለይቼ በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ።

ጋቢህ ደርሶናል። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ገብሬ መኪናውን ጠባሴ አስፋልት ዳር አቁሞ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። "ሐዋሳ ሞቃት ስለሆነ አያስፈልገኝም ብሏል" አለንና ቁጭ እንኳ ሳይል ሄደ። እማዬ ፌስታሉን ፈትታ ጋቢውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጥጡን በእጇ የፈተለችው ስለሆነ እንደ ልጇ ነው የምታውቀው። ቆየችና "ጨው ጨው ይላል" አለች። ላብ ይሆናል አልኳት። ሀይማኖት ፌስታሉን አጣጥፋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጋቢው ሲራገፍ አንዲት ትንሽ ነገር ከውስጡ ብር ብላ ወጥታ ግድግዳው ላይ አረፈች። እማዬ ብል ገብቶበታል ብላ ደነገጠች። የኛን ሀገር ታውቀዋለህ፤ የሱፍ ባናም ሆነ ብርድ ልብስ የሰው ግማሽ ሀብት በሆነበት ከተማ ብል ከሌባ በላይ ይፈራል። ሀይማኖትም ሁላችንም እንዳደግንበት አደረገች፤ ውርጩ ብሉን እንዲገድልላት ጋቢውን ማታ ውጭ ገመድ ላይ ሰቅላው አደረች። በማለዳ ስወጣ እንደ ሳንቃ ደርቆ፣ ጫፉ በውርጭ ነጥቶ ተንጠልጥሏል።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ብል የሚበላው ሱፍና ጠጉር ነው፤ ጥጥ አይበላም። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ጋቢውን ወደ ቤት አስገብቼ፣ ፀሐይ ባለበት መስኮት ሥር ዘርግቼ፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መፈተሽ ጀመርኩ። አራቱን ድርብ አንድ ላይ የያዘው ስፌት በአንደኛው ማዕዘን ተተርትሯል። እጄን በተተረተረው ብሰድ የአሸዋ ነገር ጎረበጠኝ። ገልጬ ሳየው የገብስ ፍሬ የሚያህሉ ከረጢቶች ከጨርቁ ጋር ተጣብቀዋል። አባጨጓሬዋ ራሷን ጠቅልላ ክንፍ እስክታወጣ የምትተኛባቸው ናቸው፤ ድሩ ላይ አሸዋ ለጥፋ ነው የምትሠራቸው። አንዳንዶቹ ባዶ ናቸው፤ ሌሎቹ ገና አልተከፈቱም። ከባዶዎቹ አጠገብ ሁለት የእሳት እራቶች ውርጩ አደንዝዟቸው ተኝተዋል። አንዷ ሞታለች። ሁለተኛዋን በብርጭቆ ከድኜ ፀሐይ ላይ ሳስቀምጣት እግሯን አንቀሳቀሰች።

እንዴት ያለች ፍጥረት መሰለችህ። ክንፏን ስትሰበስብ የደረቀ ስንዴ አገዳ ስባሪ ትመስላለች። ቀለሟ የአሸዋ ነው፤ በክንፏ ጠርዝ ላይ ግን በተቀረጸ ጠመኔ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። የኋላ ክንፏ ሲገለጥ የዕንቁ ዓይነት ብርሃን አለው። ስታርፍ ሁልጊዜ ጭንቅላቷን ወደ ታች ታደርጋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አንኮበር ገደል ላይም ሆነ መዘዞ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም።

ግቢያችን ውስጥ የተከራየችውን ሳሌምን ታስታውሳታለህ፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ቀጭኗ ልጅ። ከሥራ ስትመለስ ብርጭቆውን አሳየኋት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ተንበረከከችና "እትዬ እታፈራሁ፣ ይህችን ከየት አመጧት?" አለችኝ። ከወንድሜ ጋቢ አልኳት። "ወንድምዎ በረሃ ነው እንዴ ያለው?" አለች። ሐዋሳ ነው አልኳት። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣቻት።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቷንና ኮምፒዩተሯን ስታገላብጥ ከርማ ነገረችኝ። ረጅም የላቲን ስም አላት፤ ላንተ አይጠቅምህም። በውጭ ሀገር ቤተ መዘክሮች ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ናሙናዎች ብቻ አሉ፤ ሁሉም ከደረቅና ጨዋማ ምድር የተለቀሙ ናቸው። አባጨጓሬዋ ምን እንደምትበላ የጻፈ የለም። ሳሌም ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ አንድ ጽሑፍ እንጻፍና ስምዎ ከስሜ ጋር ይውጣ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያንኑ ሐሳብ እያመነዠክሁ ግቢውን እዞራለሁ። አባጨጓሬ በሰው ትከሻ ላይ ባለ ጋቢ ውስጥ ገብታ አትሸሸግም። ሰላም ያለው፣ የማይነቃነቅ ቦታ ትፈልጋለች። ይህ ጋቢ ለብዙ ሳምንት መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ደረቅ መሬት ላይ። ሐዋሳ አልጋ የለህም?

ሀይማኖት ደግሞ ከሐሳቤ ሌላ ሐሳብ ይዛለች። አንድ ቀን ልብስ እያጠብን "እትዬ፣ ጋቢውን የመለሰ ወንድ ሌላ የሚያሞቀው አግኝቷል" አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ልብሱን እያሸች ነው የተናገረችው። አንተን ከመውደዷ የተነሣ እኅቶቿ ፊት ስላንተ ከማውራት ተቆጥባለች። እንዲህ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ታዲያ እንዴት ነው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ያን ቀን ከሷ ጋር ራት መብላት ከበደኝ። እማዬም የእሳት እራት የሚለውን ስም እቤት ውስጥ እንዳልጠራ ከልክላኛለች። ስሙ ደስ አላላትም። ስለዚህ እሷ ፊት "ያቺ" ነው የምላት።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የፈለግሁት ራሴን ስሕተተኛ ማድረግ ነበር። ደረቅ ምድር ለኛም ሩቅ አይደለም፤ ከጎረቤላ ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለ። ያቺ እዚያ ከተገኘች ነገሩ ይቀልላል። ምናልባት አንተ ቆላ ወርደህ ሥራ ይዘህ ይሆናል፣ ለማለት አፍረህ ይሆናል፣ አልኩ። ሳሌምን ይዤ ወረድኩ። ጎረቤላ ላይ ጃኬት ላይ ጃኬት ደርበን ተነሥተን አልዩ አምባ ስንደርስ ላብ አጠመቀን። ፀሐይዋ ስትጠልቅ በሁለት የግራር ዛፍ መካከል ነጭ አንሶላ ወጥረን ከባትሪ ጋር የተያያዘ አምፖል ሰቀልን። ከመግሪብ ሶላት የሚመለሱ ሰዎች ተሰብስበው ያዩን ጀመር። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው "መምህርት፣ እናንተ ደገኞች ብርዱ የሚበረውን ሁሉ ፈጀባችሁና ከኛ ልትወስዱ መጣችሁ?" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀጥለው "የሚበላ ነው?" አሉ። አይደለም አልኳቸው። "አላህ ያሳካላችሁ እንግዲህ፣ የማይበላ ነገር ፍለጋ ከዚያ ድረስ ከወረዳችሁ" ብለው ውሃ አስመጡልን።

አንሶላው ሞላ። ትልልቅ ቡናማዎች፣ ትንንሽ አረንጓዴዎች፣ ጥንዚዛ፣ ምስጥ፣ ሁሉም መጣ። የኛዋ ግን አልመጣችም። አንድ ቀን አለመምጣቷ የለችም ለማለት አይበቃም፤ ይህን ለሳሌም ሳልላት ራሷ አለችኝ። ግን በሚቀጥለውም ቀን ሞክረን አጣናት። በመመለሻችን አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያየሁ መጣሁ።

እቤት ስመለስ ከረጢቶቹን እንደገና አነሣሁ። እስከዚያ ድረስ ያየሁት ራሷን እንጂ ቤቷን አልነበረም። የሳሌምን አጉሊ መነጽር ይዤ አንዱን ባዶ ከረጢት መስኮቱ ሥር ተመለከትኩት። ከአሸዋው መካከል ነጫጭ ስብርባሪ አለ። ተማሪዎቼን እንደማሠራቸው አንድ ጠብታ ሎሚ ጣል ባደርግበት አረፋ አወጣ። ኖራ ድንጋይም እንዲህ ያደርጋል፤ አልተቻኮልኩም። ሌላውን ባየው ስብርባሪው ጠመዝማዛ ነው፤ የዛጎል ጀርባ፣ ባሕር ዳር የሚለቀመው ዓይነት። ሳሌም አይታ "የሐዋሳ ሐይቅም እኮ ቀንድ አውጣ አለው" አለችኝ። ምን ያህል እንደወደድኳት አትጠይቀኝ። ያን ቀን ምሳዬን በላሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ገብሬ ተመለሰ። እሱን ራሱን ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ሲያየኝ ኮፍያውን ያወልቃል። ሻይ ሰጠሁት፤ ስለ መንገዱ ጠየቅሁት፤ ስለ ጎማ ሲያማርር ሰማሁት። ጋቢውን የት እንደተቀበልከው ንገረኝ ስለው "ቲቸር፣ እኔ የጫኑብኝን ነው የማራግፈው" ብሎ ሳቀ። ሐዋሳ ነው? ስለው ሻዩን አማሰለ። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሐዋሳ ምን አስኬደህ ብዬ አላፋጠጥኩትም። ያቺ ያለችበትን ጠርሙስ ብቻ አምጥቼ ከሲኒው አጠገብ አስቀመጥኩለት።

ጎንበስ ብሎ አያትና ፊቱ በራ። "ይሄማ እዚያ ሻይ ቤቱ አምፖል ላይ የሚረባረበው አይደል! ብርጭቆ ውስጥ እየገባ አላስጠጣ ይለናል፤ አንተነህ በሰሐን እየከደነ ነው የሚጠጣው።" ከአፉ እንዳመለጠው ገባው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረና "ቲቸር፣ በማርያም አስምሎኛል" አለኝ። የቦታውን ስም አልጠይቅህም፣ መሐላህንም አላፈርስብህም፣ ባሕር ያለበት መሆኑን ብቻ ንገረኝ አልኩት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ለምን እስካሁን እዚያ ተቀመጠ ስለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነፋሱ እስኪያርፍ ነው የሚጠብቁት። ከጥምቀት ወዲያ ያርፋል ይላሉ፤ ያኔ ጀልባው ይነሣል" አለኝ።

አንተነህ፣ ይኸው ነው የማውቀው። ጋቢህ የሚነግረኝን ያህል አንተ ብትነግረኝ ኖሮ በዛጎል ስብርባሪ ላይ ሎሚ አልጨምቅም ነበር። ጋቢውን የመለስከው ስለ ሙቀቱ ብቻ አይመስለኝም። ጀልባ ላይ ይዞት የማይሄድ ሰው፣ የእናቱ እጅ ሥራ ባሕር ውስጥ እንዳይቀር ብሎ የላከው ይመስለኛል። ይህ ግምት ነው፤ ስሕተት ከሆነ አርመኝ።

የፋብሪካው ኮንትራት ሲያልቅ በጣም እንደከፋህ አይቻለሁ። ሀይማኖት ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ አብረሃት መሄድ ማቆምህንም አይቻለሁ። ባዶ እጅ መመለስ ሞት ይመስልሃል። ግን ማን ነው እዚህ እጅህን የሚያይ? ጎረቤታችን ወርቅአገኘሁ ልጁ በዚያ መንገድ ከሄደ ወዲህ ስልኩን ከእጁ አያወርድም፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንኳ ያየዋል። የልጁ እጅ ባዶ ይሁን ሙሉ ይሁን ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔ እንደ እሱ መቆም አልችልም። ገና ሳትሄድ ነው እንዲህ ያደረገኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ፣ አንድ ነገር ደግሞ አዝሃለሁ። ትእዛዙ ይቅደም። ገብሬ ይህን ደብዳቤ ሲሰጥህ በእሱ ስልክ ወደ ሀይማኖት ትደውላለህ። ሌላ ሴት እንደሌለህና የት እንዳለህ ከራስህ አፍ ትስማ። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ ውሸት እያሰበች ሌላ ወር እንድትከርም አልፈቅድም። ልመናዬ ደግሞ ከገብሬ ጋር ተሳፍረህ እንድትመጣ ነው። ጎኑ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው፤ ጠይቄዋለሁ። ለገና ትደርሳለህ።

ጋቢውን መልሼ ልኬልሃለሁ። ሳሌም የሚያስፈልጋትን ከወሰደች በኋላ አጥቤ ሳደርቀው እማዬ አየችኝ። ለገብሬ ልሰጠው ነው፣ ሐዋሳም አንዳንዴ ይበርዳል አሉ፣ አልኳት። ጋቢውን ተቀብላ የተተረተረውን ማዕዘን ትሰፋ ጀመር። እየሰፋች፣ ቀና ሳትል፣ "አዎ ላኪለት። ሲመለስ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ይገድለዋል" አለች።

ከሐዋሳ የሚመጣ ሰው በጣርማ በር አያልፍም፤ በዚያ የሚያልፈው ከጅቡቲ በኩል፣ ከባሕሩ የሚመጣ ነው። እማዬ ይህን ከኔ በፊት ታውቀዋለች፤ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሳለች። እሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች። አቀበልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም፤ ማታ ማታ ግን ሬዲዮው የአየር ሁኔታ ሲናገር ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ጆሮህን በጥጥ ድፈን ብላለች። ሀይማኖት ሰላምታዋን በኔ በኩል መላክ አልፈለገችም፤ ራሱ ይጠይቀኝ ነው ያለችው። ሳሌም አክብራ ሰላም ትልሃለች፤ ጋቢህ የተነጠፈበት አካባቢ ምን ዓይነት ተክል እንዳለ፣ ቅጠሉ ጨዋማ እንደሆነ ልብ ብለህ እንድታይላት ትለምንሃለች። በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ምናልባት አንተ ብቻ ነህ፤ ስትመጣ ንገራት። ወርቅአገኘሁ ሰላም ብሎሃል፤ ስላንተ ምንም አልነገርኩትም፣ ዝም ብሎ ነው ያስታወሰህ።

አንዲት ከረጢት እስካሁን አልተከፈተችም። ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ቀን ቀን መስኮቱ ጋ፣ ፀሐይ ሲጠልቅ ምድጃው አጠገብ አዛውራታለሁ። ሳሌም አይንኩ፣ የራሷን ጊዜ ትጠብቃለች ትለኛለች፤ እጄ ግን አያርፍም። የሞተችውን በመርፌ ወግቼ ትንሽ ካርድ ሥሯ አድርጌላታለሁ። ቦታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢ ይላል ካርዱ። ቀኑን ጽፌያለሁ። ሰብሳቢ በሚለው ላይ ያንተን ስም አስፍሬያለሁ፤ ሳታውቅ የሰበሰብካት አንተ ነህ። ቦታው ባዶ ነው። ሳሌም ቦታ የሌለው ናሙና ለማንም አይጠቅምም ብላ ስሙን በደብዳቤ ላክልን እንድልህ ፈልጋ ነበር። እኔ በደብዳቤ እንድትልከው አልፈልግም። ካርዱ የሳሎኑ መስኮት ላይ ነው፤ እርሳሱን ቀርጬ ከጎኑ አስቀምጬዋለሁ።

እኅትህ እታፈራሁ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.